ጌሾ፣ ቡናና ሎሚ በላቦራቶሪ፦ የፍላቮኖይድ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገረው ጭነት ዛሬም ከሞላ ጎደል ያው ነው፦ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ድሮ በደንገል ታንኳ ይመጣ ነበር፤ አሁን የሞተር ጀልባውም መኪናውም አለ። በዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ማረስ ተከልክሏል ስለሚባል ሕዝቡ የሚተዳደረው በጫካው ጥላ ሥር በሚያለማቸው በእነዚህ ተክሎች ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ኬሚስትሪ የሚያጠና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ዕፅ ቢፈልግ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሦስቱንም ከገበያ ገዝቶ፣ አድርቆና ፈጭቶ፣ በሜታኖል ዘፍዝፎ «ጠቅላላ ፍላቮኖይድ» የሚባለውን መለካት ይችላል። ልኬቱ ራሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የተገኘውን ቁጥር ማንበብ ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱ ተክሎች ለአንድ ዓይነት መለኪያ የሚሰጡት መልስ ለየቅል ነው። አንዱ ያለውን ይደብቃል፣ አንዱ የሌለውን ያስቆጥራል፣ አንዱ ደግሞ የራሱን ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎ ያቀርባል።

ፍላቮኖይድ ምንድን ነው ከሚለው እንነሣ። ዕፅዋት በቅጠላቸው፣ በአበባቸውና በልጣጫቸው የሚያከማቿቸው የብዙ ሺህ ውሁዶች የቤተሰብ ስም ነው። እስካሁን ከ6,000 በላይ ተለይተዋል። አጽማቸው አንድ ነው፤ 15 የካርቦን አተሞች አሏቸው፤ ስድስት ስድስት ካርቦን ያላቸው ሁለት ቀለበቶች በቀሩት ሦስት ካርቦኖች ተያይዘዋል። ልዩነቱ የሚመጣው በዚህ አጽም ላይ ኦክስጅን የት የት እንደተሰካ፣ መካከለኛው ክፍል ጥንድ ቦንድ እንዳለው ወይም እንደሌለው፣ ስኳር ተለጥፎበት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ በማየት ነው። ልዩነቶቹ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ግን አንዱን ቢጫ፣ አንዱን ሐምራዊ፣ ሌላውን ቀለም የለሽ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የቀይ ሽንኩርት ሐምራዊ ቀለም አንቶሳያኒን ከሚባለው ወገን ነው፤ የዚያው ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ ደግሞ በኩዌርሴቲን የበለጸገ ነው። ጋን የምናጥብበት ግራዋ ሉቴዮሊን አለው፤ የሻይ ቅጠል ካቴኪን፣ ሎሚ ሄስፐሪዲን ይዟል።

ተክሉ ይህን ሁሉ የሚሠራው ለራሱ ነው። ፍላቮኖይዶች የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚውጡ ቅጠሉን ከጉዳት ይከላከላሉ፤ በአበባ ላይ ሲሆኑ ንብ ይጠራሉ፤ አንዳንዶቹም ተባይ ያርቃሉ። በዚህ ምክንያት ብርሃን የበዛበት ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ከጥላ ቅጠል የበለጠ ፍላቮኖይድ ያከማቻል። ጣና ዳር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዘጌ ጌሾ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል፤ የከተማው ጌሾ በጓሮ አጥር ጥግ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ላይገጥም ይችላል። ናሙናው ከየት ቦታ፣ በየትኛው ወር፣ ከጥላ ወይስ ከፀሐይ እንደተለቀመ ያልመዘገበ ሰው የልኬቱን ግማሽ ገና ከቤት ሳይወጣ ጥሎታል።

አደራረቁም የራሱ ጣጣ አለው። በክረምት የባሕር ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ቅጠል ቶሎ አይደርቅም። ቅጠሉ ረጥቦ በቆየ ቁጥር በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ አያቆሙም፤ ስኳር የተለጠፈበትን ፍላቮኖይድ ከስኳሩ ሊለያዩት ይችላሉ። ስለዚህ ቅጠሉን ሳያከምሩ፣ ስስ አድርገው፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ማስጣት ያስፈልጋል። ለጌሾ ነጋዴ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ተከምሮ የሻገተ ጌሾ እንደማይሸጥ ያውቃል።

አሁን ወደ መለኪያው። ማንኛውም ልኬት መነሻ ይፈልጋል፤ የላቦራቶሪ ሰዎች «ስታንዳርድ» ይሉታል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት ንጹሕ ውሁዶች ናቸው፦ ኩዌርሴቲንና ሩቲን። ሩቲን ማለት ሁለት ስኳሮች፣ ግሉኮስና ራምኖስ፣ የተለጠፉበት ኩዌርሴቲን ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. የኑረምበርጉ ፋርማሲስት አውጉስት ቫይስ ሩታ ከሚባለው ተክል ለይቶ አወጣው። የእኛ ጤና አዳም የዚያ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የሩታ ወገን ናቸው፣ ሩቲንም በሁለቱም ውስጥ አለ። ራምኖስ የተባለው ስኳር ደግሞ ጌሾ ከሚመደብበት ከራምነስ ወገን ተክሎች ጋር የተያያዘ ስም ነው። ከቡናው ስኒ ላይ ጤና አዳም ጣል የሚያደርግ፣ ከጠላው ጋን ጌሾ የሚጨምር የጎጃም ቤት ሁለቱንም ዘመዶች ከጥንት ያውቃቸዋል።

የተለመደው ዘዴ እንዲህ ነው። በዕፁ ዝፍዝፍ ላይ አልሙኒየም ክሎራይድ ይጨመራል። አልሙኒየሙ በፍላቮኖይዱ ላይ ተቀራርበው ካሉ ሁለት ኦክስጅኖች ጋር ይያያዛል፤ በተለይ ከመካከለኛው ክፍል የካርቦኒል ኦክስጅንና ከአጠገቡ ካለው ሃይድሮክሲል ጋር። ሲያያዝ ሞለኪውሉ የሚውጠው ብርሃን ከዓይን ከተሰወረው አልትራቫዮሌት ወደሚታየው ወገን ይሸጋገራል፤ ፈሳሹም ቢጫ ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ በስፔክትሮፎቶሜትር 415 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። 415 ናኖሜትር ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብርሃን ነው፤ ቢጫ ፈሳሽ የሚውጠውም እሱን ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚታየው ብዙ ግርግር የለውም። በተርታ በቆሙ የሙከራ ቱቦዎች ውስጥ ሩቲን ከጥቂት ወደ ብዙ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ቱቦ ቀለም ያለው አይመስልም፤ እየሄደ ይፈካል፤ የመጨረሻው ድምቅ ያለ ቢጫ ነው። የእያንዳንዱ ንባብ በወረቀት ላይ ነጥብ ሆኖ ሲቀመጥ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የዕፁ ንባብ በዚህ መስመር ላይ የት እንደሚያርፍ ይታይና ወደ ሩቲን መጠን ይመለሳል። ለምሳሌ 1 ግራም ደረቅ ቅጠል በ50 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ተዘፈዘፈ እንበል፤ ዝፍዝፉ አሥር እጥፍ ቀጥኖ ሲነበብ በሚሊ ሊትር 40 ማይክሮ ግራም ሩቲን ካለው ቱቦ ጋር እኩል ሆነ። ያልቀጠነው ዝፍዝፍ በሚሊ ሊትር 400 ማይክሮ ግራም አለው ማለት ነው፤ በ50 ሲባዛ 20,000 ማይክሮ ግራም፣ ወይም 20 ሚሊ ግራም ይሆናል። ተማሪው «በአንድ ግራም ደረቅ ቅጠል 20 ሚሊ ግራም ሩቲን አቻ» ብሎ ይጽፋል።

«አቻ» የምትለዋ ቃል መዘለል የለባትም። ቅጠሉ 20 ሚሊ ግራም ሩቲን አለው አልተባለም፤ 20 ሚሊ ግራም ሩቲን የሚያህል ቢጫ አሳየ ነው የተባለው። ጤፍ፣ ሽንብራና ገለባ ተደባልቀው በአንድ ቁና ቢሰፈሩ ቁናው መሙላቱን እንጂ ምን እንደያዘ አይነግርም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ከዚህ ጋር ሦስት የሂሳብ ወጥመዶች አሉ፤ በየጥናቱ ስለሚያጋጥሙ ቶሎ እንያቸው። የሩቲን የሞለኪውል ክብደት 610 ነው፤ የኩዌርሴቲን 302። ሁለቱ ሞለኪውሎች እኩል ቀለም ቢሰጡ እንኳ ያው ቅጠል በሩቲን ሲለካ 20 የሆነው በኩዌርሴቲን ሲለካ ወደ 10 ይወርዳል። የአንዱን ጥናት የሩቲን ቁጥር ከሌላው የኩዌርሴቲን ቁጥር ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማወዳደር ስለዚህ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ወጥመድ፣ ሩቲን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሦስት የውሃ ሞለኪውሎች ይዞ ነው። ከጠርሙሱ በተመዘነው ዱቄት ውስጥ 8 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳይቀንስ የሠራ ሰው ሁሉም ቁጥሮቹ በዚያው ልክ ያብጣሉ። ሦስተኛው፣ አንዳንዱ ቁጥሩን በደረቅ ቅጠል ግራም፣ አንዳንዱ ሜታኖሉ ተንኖ በቀረው ጭማቂ ግራም ያወጣዋል። ከ1 ግራም ቅጠል የሚገኘው ጭማቂ 0.2 ግራም ቢሆን ያው ውጤት በአምስት እጥፍ ይለያያል።

ሎሚውን እንይ። የሎሚ ልጣጭ ሄስፐሪዲንን የመሰሉ ፍላቫኖኖች አሉት፤ ፍላቫኖን ደግሞ የፍላቮኖይድ ቤተሰብ የታወቀ ወገን ነው። ይሁንና በፍላቫኖን መካከለኛ ክፍል ላይ በኩዌርሴቲን ያለው ጥንድ ቦንድ የለም። በዚያ ምክንያት ከአልሙኒየም ጋር ቢያያዝም እንኳ 415 ናኖሜትር ላይ እዚህ ግባ የሚባል ብርሃን አይውጥም። ተማሪው የሎሚ ልጣጩን በዚህ ዘዴ ለክቶ «ፍላቮኖይዱ አነስተኛ ነው» ብሎ ቢጽፍ መሣሪያው አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ። ፍላቫኖንን ለመለካት ሌላ ዘዴ አለ፤ ዳይናይትሮፌኒል ሃይድራዚን የሚባለውን ጨምሮ ቀለም ማውጣት ነው። የሎሚ፣ የብርቱካንና የትርንጎ ልጣጭን የሚያጠና ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ቡናው የሚያሳስተው በተቃራኒው ነው። ከአልሙኒየሙ በፊት ሶዲየም ናይትራይት፣ በመጨረሻ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚጨመርበት ሌላ የዘዴው ዓይነት አለ። በዚህኛው ፈሳሹ ወደ ቀይ ያደላል፤ የሚነበበውም 510 ናኖሜትር ላይ ነው። በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ለእኔ ግን ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቀለሙን የሚያመጣው በአንድ ቀለበት ላይ ጎን ለጎን የተሰኩ ሁለት ሃይድሮክሲሎች መኖር ነው፤ እነዚህ ደግሞ ፍላቮኖይድ ባልሆኑ ውሁዶችም ላይ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ክሎሮጄኒክ አሲድ ነው። የጥሬ አረቢካ ቡና ክብደት ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ክሎሮጄኒክ አሲድና ዘመዶቹ ናቸው፤ አንዳቸውም 15 ካርቦን ያለው የፍላቮኖይድ አጽም የላቸውም። የዘጌ ጥሬ ቡና በ510 ቢለካ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። አብዛኛው ግን የቡናው ፍላቮኖይድ አይደለም።

ጌሾ ከሁለቱ ይከብዳል፤ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባውም እሱ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ኩዌርሴቲንና ዘመዶቹ እውነተኛ ፍላቮኖይዶች ሆነው ይገኛሉ። ብቻቸውን ግን አይደሉም። ከኤሞዲን ጀምሮ አንትራኩዊኖን የሚባሉ ሌላ ቤተሰብ ውሁዶች አብረዋቸው አሉ፤ እነሱም ከጥንት ቢጫና ብርቱካንማ ናቸው። ኤሞዲን 437 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ 415ም ላይ ድርሻ አለው። አልሙኒየም ሳይጨመርበት የዕፁን ዝፍዝፍ ብቻ አንብቦ መቀነስ የዚህን የተወሰነ ክፍል ያወጣል፤ ይህን ባዶ ንባብ የዘለለ ሥራ በጌሾ ላይ ጭራሽ መታመን የለበትም። ግን መቀነሱም ሙሉ መድኃኒት አይሆንም፤ አንትራኩዊኖኖቹ ራሳቸው ከአልሙኒየም ጋር ተያይዘው ቀለማቸውን ይለውጣሉና።

ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለ። በጌሾ ዝፍዝፍ ላይ ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግ። ፍላቮኖይድ ብቻ ቢሆን ቢጫው ይደምቅ ነበር፤ አሲድ ሲጨመርበትም ይደበዝዝ ነበር። አንትራኩዊኖን ካለ ፈሳሹ ወደ ቀይ ይሄዳል። ማግኒዚየምና ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲገናኙ የሚታየው ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም ደግሞ የፍላቮኖይድ ምልክት ነው፤ ሺኖዳ የሚባለው ሙከራ ይህ ነው። ሁለቱንም ሙከራ ጎን ለጎን የሠራ ተማሪ ጌሾ ሁለት ቤተሰብ እንደያዘ በራሱ ዓይን ያያል።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው የጌሾ ምሬትስ? በ1995 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት ከቅጠሉ መራራውን ውሁድ ለይተው ጌሾይዲን ብለውታል። ጌሾይዲን የናፍታሊን አጽም ያለው ውሁድ ነው፤ ፍላቮኖይድ አይደለም። ስለዚህ ከፍተኛ የፍላቮኖይድ ቁጥር ያለው ጌሾ የበለጠ ይመርራል፣ ጠላውንም የተሻለ ያደርጋል ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለቱ የየራሳቸው ጉዳይ ናቸው።

ታዲያ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምን አለ? ውዱ መንገድ ኤች ፒ ኤል ሲ የሚባለው መሣሪያ ነው። ዝፍዝፉ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በታመቀ ዱቄት መካከል እየተገፋ ሲያልፍ ውሁዶቹ በየተራ ይወጣሉ፤ መሣሪያው የእያንዳንዱን የመውጫ ደቂቃና የሚውጠውን ብርሃን ይመዘግባል። በዚህ ላይ ክብደት የሚመዝን ማስ ስፔክትሮሜትር ሲታከልበት ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ከጤና አዳሙ ሩቲንና ከሎሚው ሄስፐሪዲን ጋር ስንሞክረው ግን እንዲህ ይሆናል፦ የሩቲን ክብደት 610፣ የሄስፐሪዲንም 610። ሁለቱም የያዙት ያንኑ ጥንድ ስኳር ነው፤ መሣሪያው ስኳሩን ሲሰብርባቸው ሁለቱም 308 ያጣሉ፣ ሁለቱም 302 ይቀራቸዋል። በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚመዝን መሣሪያ በዚህ አይለያቸውም። የሚለያቸው ብርሃኑ ነው፤ ሩቲን 257 እና 355 ናኖሜትር አካባቢ ሁለት ጉብታ ያሳያል፣ ሄስፐሪዲን ዋናው ጉብታው 284 አካባቢ ነው። ወይም ክብደቱን እስከ ሦስተኛው ዴሲማል የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ 610.153 እና 610.190። ለዚህ ነው ንጹሑ ስታንዳርድ ከናሙናው ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ ማለፍ ያለበት።

መሣሪያው የሌለው ላቦራቶሪ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ስስ የሲሊካ ንጣፍ፣ መሟሟቻ ፈሳሽ፣ 365 ናኖሜትር የሚያበራ አልትራቫዮሌት መብራትና ለፍላቮኖይድ የሚረጭ የቦሮን ውሁድ ካሉት ብዙ ያያል። ነጠብጣቦቹ በንጣፉ ላይ ከወጡና ከተረጨባቸው በኋላ ክፍሉን አጨልሞ መብራቱን ማብራት ነው። ሩቲንና ሌሎች የኩዌርሴቲን ወገኖች ብርቱካንማ፣ የኬምፕፌሮል ወገኖች አረንጓዴ፣ ክሎሮጄኒክ አሲድ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። የቡናው ጉዳይ እዚህ ላይ ያለ ክርክር ያልቃል፤ በ510 «ፍላቮኖይድ» ተብሎ የተቆጠረው ነገር በሰማያዊ ያበራል። ከአንድ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ይልቅ የአንድ እንዲህ ያለ ንጣፍ ፎቶግራፍ ስለ ዕፁ የበለጠ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ከመመረቂያ ጽሑፍም አልፎ ይሄዳል። በዓለም ገበያ የጊንኮ ቅጠል ጭማቂ የሚሸጠው 24 በመቶ የፍላቮኖል ግላይኮሳይድ አለው ተብሎ ነው። አጭበርባሪዎች ይህን ካወቁ በኋላ ከሶፎራ ዛፍ እምቡጥ በርካሽ የሚገኘውን ሩቲን በደካማ ጭማቂ ላይ እየጨመሩ ቁጥሩን ሞሉት። ጠቅላላውን ብቻ የሚለካ ላቦራቶሪ ያሳልፈዋል፤ እያንዳንዱን ውሁድ ለይቶ የሚያይ ላቦራቶሪ ግን ሩቲኑ ከሌሎቹ ጋር ያለው መጠን መዛባቱን አይቶ ይይዘዋል። የአገራችን ዕፅዋትም በካፕሱልና በከረጢት ታሽገው መሸጥ ጀምረዋል፤ ያው ፈተና እኛም ዘንድ መምጣቱ አይቀርም።

ስለ ጤና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1936 እ.ኤ.አ. የሃንጋሪው አልበርት ሴንት-ጆርጂና ባልደረቦቹ ከሎሚና ከበርበሬ ያገኟቸውን ፍላቮኖይዶች «ቫይታሚን ፒ» ብለዋቸው ነበር። እንደ ቫይታሚን የግድ አስፈላጊ መሆናቸው ስላልተረጋገጠ ስሙ ቀረ። ዛሬም በፀረ-ኦክሲዳንት ሙከራ የሚጨመረውን ሐምራዊ ቀለም በሙከራ ቱቦ ውስጥ አደበዘዘ ተብሎ ዕፁ በሰው ሰውነት ውስጥ ሕመም ይፈውሳል ማለት አይቻልም። ጤና አዳምን እንውሰድ፤ በሩቲን የታወቀ ነው፤ ግን ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሁዶችም አሉት፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ያቆስላል። በብዛት መጠጣቱም በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ከቡና ጋር የምትገባው ቅንጣት ቅጠልና በጠርሙስ የተጨመቀው አንድ አይደሉም፤ የፍላቮኖይዱ ቁጥር ደግሞ ስለዚህ አደጋ ምንም አይናገርም።

ለመመረቂያ ሥራ ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ሌላው የጣና ዳር ለምትወጡ ተማሪዎች ልመና አለኝ። ከለቀማችሁት ተክል አንድ ቅርንጫፍ ከነአበባው ወይም ከነፍሬው በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ፤ የተለቀመበት ቦታና ቀን ይጻፍበት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ወይም በዩኒቨርሲቲያችሁ ላለው የዕፅዋት ስብስብ ይሰጥ። ከሰንጠረዣችሁ ሥር ደግሞ ስታንዳርዱ ሩቲን ይሁን ኩዌርሴቲን፣ ንባቡ በ415 ይሁን በ510፣ አካፋዩ ደረቅ ቅጠል ይሁን ጭማቂ፣ ባዶው ንባብ ተቀንሶ እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ። የሚቀጥለው ተማሪ ሥራችሁን መድገም የሚችለው ይህች መስመር ካለች ብቻ ነው።